"ወደፊት" ማለት መቼ ነው? የደም ናሙና ስምምነት ቅጽ ስተረጉም አንዲት መስመር ላይ ቆሜያለሁ

የማርቆስ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። ከሁለት ወር በፊት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ በሽታ ላይ የሚሠራ የጥናት ቡድን ውስጥ ገባሁ። ቡድኑ ቅይጥ ነው። የዘረመል ባለሙያ አለ፣ የቆዳ ሐኪም አለች፣ የአፈር ሰው አለ፣ ዳታውን በኮምፒውተር የሚፈጭ ልጅ አለ። እኔን "የማኅበረሰቡን በኩል አንቺ ትይዣለሽ" አሉኝ። ነገሩ ሲገለጥ ግን የስምምነት ቅጹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሺ፣ ሰዉን አስፈርሚ ማለት ሆኖ ተገኘ።

ሌላው ሁሉ ደህና ሄደልኝ። አንዲት መስመር ላይ ተጣበቅኩ። "የሰጡት የደም ናሙና ወደፊት ለሚደረጉ ተያያዥ ጥናቶች ሊውል ይችላል።" አማርኛው ምንም አልጎደለውም። ግን ለአያቴ አነበብኩላት። አያቴ ራሷ ግራ እግሯ ያበጠ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። "ወደፊት ማለት መቼ ነው?" አለችኝ። አሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም ሊሆን ይችላል አልኳት። "ያኔ እኔ የለሁማ። ማንን ሊጠይቁ ነው?" ትንሽ ቆየችና ደግሞ "ተያያዥ የሚለው ከምን ጋር የተያያዘ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ቡድኑን ስጠይቅ "የተለመደ አጻጻፍ ነው፣ ሁሉም ቅጽ ላይ አለ" ተባልኩ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ተጠራጣሪው፦
ከቅጹ በፊት እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይህ በሽታ በጫማ የሚከላከሉት አይደለም እንዴ? እግሩን ታጥቦ ጫማ ያደረገ ልጅ አይዘውም፣ አለቀ። ታዲያ ጫማ ያጣ ሰው ደሙን ለምን ይሰጣል? ጂኑ ታወቀ እንበል። ምን ሊደረግለት ነው? ነገ ልጁን ሊድር ሲል "ያ ጂን አለባቸው" ሊባል ነው። ለእኔ ይሄ የፈረንጅ ወረቀት ማሳተሚያ ነው፤ ሶሲዮሎጂስት የሚጨምሩት ደግሞ እንዲያምር ነው። ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን ለመንካት አይደለም።

ባለ_ጋዋን፦
ተጠራጣሪው ግማሹ ልክ ነህ። ለማያውቀው ሰው ልናገር፦ ይህ በትል የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አካባቢ፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚያርስ ሰው ላይ ነው የሚታየው። አይተላለፍም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር እዚሁ አገራችን ሲሠራ ኖሮ በ1970ዎቹ መንስኤው አፈሩ መሆኑን ያሳየው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አሁን በአገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል።

ግን አንድ ማሳ ላይ አሥር ሰው በባዶ እግሩ ያርሳል፣ አንዱን ብቻ ይይዘዋል። ለምን? ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት ነው የመለሰው። ከበሽተኛና ከጤነኛ ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ደም ተወስዶ በ2012 ታተመ። ልዩነቱ የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ጂኖች አካባቢ ተገኘ። ይህ ለሕክምናው ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በሽታው የመከላከያ ሥርዓታችን ለአፈሩ የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ መሆኑን ይጠቁማል። ጫማ ደግሞ ወሬው እንደሚቀል አይደለም። ጫማ ያለው ገበሬ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል እንጂ ጭቃ ላይ በሬ እየነዳ አያደርገውም። አንተም ብትሆን አታደርገውም።

ያልከው የጋብቻው ነገር ግን እውነት ነው። ጥናቱ የተሠራበት ወላይታ፣ ሶዶ ያለ ሰው ካለ ይናገር።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
አለሁ። ነርስ ነኝ፣ እግር የሚታጠብበት ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ።

እኛ ጋ ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ መስጠትም መውሰድም ከባድ ነው። የቤተሰብ ነገር እንደሆነ ሰው ሳይንሱ ሳይነግረው ድሮም ያውቃል፤ ያውቃል ብቻ ሳይሆን ያጋንናል። እግሯ ያልታመመች እህት እንኳ ሳታገባ ትቀራለች። ስለዚህ ያ የዘረመል ጥናት ሊጀመር ሲል ሐኪሞቹ ደም ከመሰብሰባቸው በፊት ሌላ ጥናት አስቀደሙ። ጥናቱ ስለ አጠያየቁ ነበር። ሰው ምን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚያምን፣ ማን ቤት ቢገባ ጎረቤት ምን እንደሚል። ጂን የሚያጠና ሰው፣ የሥነ ምግባር ፈላስፋና ሐኪም አንድ ላይ ሆነው የሠሩት ነው፤ በ2009 ወጥቷል።

ሰዉ የመለሰው ምን መሰላችሁ። "በዘር የሚመጣ መሆኑን በአዋጅ ልትነግሩብን ነው" ብሎ ፈራ። ቅጹ ላይ ያልነበረ ፍርሃት ነው።  ያን ጊዜ ታማሚዎቹን መጀመሪያ የሚያነጋግረው ሰው ተለወጠ። እግር ሲያጥቡ የኖሩ፣ ሰዉ በስም የሚያውቃቸው የአካባቢው ሠራተኞች አስቀድመው እንዲያወሩ ሆነ። ስለ አፈሩና ስለ ጫማው ማስተማርም አብሮ መሄድ እንዳለበት ታወቀ፣ ሰዉ የሰማው "ዘር" የሚለውን ቃል ብቻ እንዳይሆን።

ስለዚህ ተጠራጣሪው፣ ሶሲዮሎጂስቷ ለጌጥ አይደለችም። ግን ለማስፈረም ብቻ ከተጠራች ጌጥ ናት። ይህን እህቴ ለአለቆችሽ ንገሪልኝ።

የማርቆስ_ልጅ፦
ሶዶ_ሰፈሬ እግዜር ይስጥልኝ። "ለማስፈረም ብቻ ከተጠራች ጌጥ ናት" የሚለውን ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኛም ጋ ብዙ ጥናት ተደርጓል። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሰው የገባበት ትልቅ ሙከራ ነበር፤ እግር በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ሲሰጥ እግሩ ተቆጥቶ ሰውየው የሚታመምበት ቀን ይቀንሳል ወይ የሚል። ይቀንሳል፤ በ2018 ታትሟል። ግን ለማወዳደር ሲባል አንዱ ወገን ሕክምናውን ለማግኘት አንድ ዓመት ጠብቋል። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ያለዚያ ማስረጃ አይገኝም፣ ማስረጃ ከሌለ ደግሞ መንግሥት በጀት አይመድብም። ይገባኛል። ግን ሳሙና ለማግኘት አንድ ዓመት ጠብቁ ብሎ ለአክስቴ የሚነግራት ሰው መሆን አልፈልግም።

ወደ መስመሯ እንመለስ በናታችሁ።

አሽዶድ_ነኝ፦
እኔ ከሩቅ ነው የምጽፈው፣ ግን የደም ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

እዚህ እስራኤል በ1996 ጥር ላይ ነው የፈነዳው። ቤተ እስራኤሎች ደም ሲለግሱ ኖረዋል፤ ልጆቻችን ከወታደር ቤት ሳይቀር። የደም ባንኩ ግን ኤችአይቪ ፈርቶ ዝም ብሎ ይደፋው ነበር። ሳይነግራቸው! እጃቸውን ዘርግተው፣ ብስኩትና ጭማቂ ተሰጥቷቸው፣ ተመስግነው ይሄዳሉ፣ ደሙ ይደፋል። ጋዜጣ ሲያወጣው በሺህ የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ወጣ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ወጥቶ ኮሌታው ተቀዶ ተመለሰ።

ሰው የተቆጣው በኤችአይቪ ምርመራ አይደለም። ይመርምሩ። የተቆጣው "አመሰግናለሁ" ብለውት ስለደፉት ነው። ስለዚህ ያች መስመር ላይ እኔ የምጠይቅሽ፦ ደሙን ባትጠቀሙበትስ? ብታስወግዱትስ? ይነገራቸዋል ወይ? ቅጹ ላይ ስለመጠቀም እንጂ ስለመጣል ተጽፎ አላየሁም።

የማርቆስ_ልጅ፦
አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፣ "በአግባቡ ይወገዳል" የሚል። ለማን እንደሚነገር ግን አይልም። ጨምሬዋለሁ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የሕግ ሰው ነኝ። ጥያቄሽ የትርጉም ጥያቄ አይደለም። እንግሊዝኛውም ራሱ ምንም አይልም፤ አንቺ ወደ አማርኛ ስትመልሺው ነው ባዶነቱ የታየው። ጥሩ ተርጓሚ እንዲህ ዓይነት ጣጣ ያመጣል።

አሜሪካን አገር ግራንድ ካንየን ውስጥ ሃቫሱፓይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከ1990 ጀምሮ ስኳር በሽታ ጨርሶን ነው ብለው ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደም ሰጡ። ፎርሙ ላይ እንዳንቺው ሰፋ ያለ መስመር ነበረች። ከዓመታት በኋላ ያው ደም ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ዘመድ ጋብቻ፣ አያቶቻቸው ከየት ፈልሰው እንደመጡ ለሚያጠና ሥራ ውሎ ተገኘ። እምነታቸው "እኛ ከዚህ ሸለቆ ነው የወጣነው" የሚል ነው። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700,000 ዶላር ከፍሎ ተስማማ፣ የቀረውንም ደም መለሰ። ሕዝቡ ደሙን ይዞ ወደ ሸለቆው ተመለሰ። ጠበቃ ሆኜ ብዙ ውል አይቻለሁ፣ ደም ሲመለስ ግን ያኔ ነው የሰማሁት።

ለአገርሽ ሰው በሚያውቀው ነገር ንገሪው። እኔ "ውክልና" እል ነበር። ውክልና ያልተሰጠበትን ነገር አይሠራበትም፤ ከሰጠሁ በኋላም መሻር እችላለሁ። ደሜ የእኔ ነው፣ ተወካዩ ይሠራበታል፣ ስፈልግ አነሳዋለሁ። ሁሉም ገበሬ ውክልና ያውቃል።

ባለ_ጋዋን፦
ጋሼ ደስ ይላል፣ ግን ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ያበቃል አይደል? የሴትዮዋ ጥያቄ "እኔ የለሁማ" ነው።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ልክ ብለሃል፣ ያበቃል። ሽማግሌ ሆኜ ሽማግሌ መሞቱን ረሳሁ።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
እኔ "አደራ" ነው የምለው። ደሙን በአደራ ተቀብለናል፣ እንጠብቀዋለን። አደራ ሰው ቢሞትም አይሞትም፣ ለልጅ ይተላለፋል።

ተጠራጣሪው፦
አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይጠቀምበትም እኮ። አደራ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከነካሽው አደራ በላ ነሽ። እነዚህ ደግሞ ሊነኩት ነው የሚወስዱት። "አደራ" ብለሽ ደም ከወሰድሽ ሰዉ የሚሰማው "አንነካውም" የሚል ነው። ይሄማ ከእንግሊዝኛው ይብሳል፣ በሚያምር ቃል ማታለል ይሆናል።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
ኧረ ልክ ነህ። ተሳስቻለሁ።

የማርቆስ_ልጅ፦
እሺ እናንተ ስትከራከሩ እኔ ቅዳሜ ሄጄ አያቴ ቤት ሰባት ሴቶች በተሰበሰቡበት ቡና ላይ ሞከርኩት። ያልኳቸው፦ "መሬት ለእኩል አራሽ እንደመስጠት ነው። መሬቱ የእናንተ ነው፣ እነሱ ይሠሩበታል፣ ምን እንደሚዘሩ ይነግሯችኋል።" በጣም ገባቸው! ፊታቸው ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር።

ከዚያ አንዷ እትዬ ጠየቀችኝ፦ "ታዲያ ምርቱን መቼ ነው የምንካፈለው?"

ቡናው አንቆኝ ነበር።

ተጠራጣሪው፦
😂 እትዬን ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው አባል አድርጓት።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ሳቅ ብቻ አይደለም። "እኩል" ካልሽ እኩሌታውን ቃል ገብተሻል። ጤፋችን ላይ የደረሰውን አስታውሱ። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር አገሪቱ ጥቅም እንድትካፈል ውል ተፈረመ። ኩባንያው በጎን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ያዘ። ከዚያ ከሰረ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ወደ 4,000 ዩሮ ነው። አንድ አገር! ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ ውድቅ የሆነው በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነው፣ ያውም ሌላ የዱቄት ነጋዴ ስለተከራከረ። መካፈል የሚል ውል ወረቀት ላይ ከተጻፈ በኋላም እንዲህ ነው፤ ሳይጻፍ በምሳሌ ቃል መግባት ይቅር።

ኮድ_ጸሐፊው፦
ዘግይቼ ገባሁ። በቡድናችሁ ያለውን የኮምፒውተር ልጅ ዓይነት ሥራ ነው የምሠራው፣ ቨርጂኒያ። ሦስት ነገር አለኝ፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ታስፈራለች።

"ስም አይጻፍም" የምትሉት ብዙ አይጠብቅም። በ2013 ተመራማሪዎች ስም የሌለው ዲኤንኤ ወስደው፣ ከወንድ ወደ ወንድ የሚተላለፈውን ክፍል ኢንተርኔት ላይ ካለ የትውልድ ሐረግ መዝገብ ጋር አስተያይተው የቤተሰብ ስም አወጡ። እኛ ጋ የአባት ስም ስለምንጠቀም ያች ዘዴ እንዳለች አትሠራም፣ በዚህስ ባህላችን ጠቅሞናል። ግን ዳታው ላይ ቀበሌውና ዕድሜው ካለ፣ እዚያ ቀበሌ እግሯ ያበጠ የ70 ዓመት ሴት ስንት ናት? ጎረቤት ዲኤንኤ ሳያስፈልገው ያውቃታል።

ደግሞ የያዘው ድርጅት ሁልጊዜ አይኖርም። እዚህ ሰው ለገና ስጦታ ምራቁን ቱቦ ውስጥ እየተፋ የላከበት ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በ2025 መጋቢት ላይ ኪሳራ አወጀ። የ15 ሚሊዮን ሰው ዳታ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሸጥ ንብረት ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። የናንተ ፕሮጀክትስ ሲዘጋ ፍሪጁ የማን ነው?

ሦስተኛዋ፦ ቅጻችሁ ላይ "በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ" የሚል አለ አይደል? ደሙን ማስወገድ ይቻላል። ፋይሉን ማጥፋት ይቻላል። ዳታው ግን አንዴ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠልጠኛ ከሆነ በኋላ "የእኔን አውጡልኝ" ማለት ወጥ ውስጥ የገባ ጨው አውጣልኝ እንደማለት ነው። ስለዚህ "ማቋረጥ ይችላሉ" የምትለዋ ከ"ወደፊት" ያላነሰች አታላይ ናት። እስከ መቼ ድረስ ማቋረጥ እንደሚቻል ጻፉ።

ባለ_ጋዋን፦
ጨው! ይህችን ቅጹ ላይ አስገቢያት። የእውነቴን ነው፣ ለማንም ትገባለች።

በነገራችን ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል (ይህ ዓመት በእኛ ነው)፣ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል ይላል። ናሙና ከአገር ሲወጣም የማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቃል። ወረቀቱ የለም ማለት አይቻልም። የጎደለው እትዬ የጠየቀችውን የሚጠይቅ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ ያሉት ሳን የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይህን ራሳቸው አደረጉት። በ2010 ናሚቢያ ያሉ የአራት ሳኖች ዘረመል ታትሞ፣ የማኅበረሰቡ መሪዎች ሳይጠየቁ መሠራቱ አስቆጣቸው። በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ልናጠናችሁ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የእነሱን ደንብ ይቀበላል።

ተጠራጣሪው፦
እሱን ነው የምለው። ጎጃምም ደንብ ያውጣ። እድር ደንብ ሲያወጣ አይተሽ የለ? ቅጣቱ ሳይቀር ተጽፎ ነው።

(ማክሰኞ ስጀምር ጥናቱ ይቅር ባይ ነበርኩ። አሁን ያን ያህል አይደለሁም። ግን አልተስማማሁም፣ እንዳትቆጥሩብኝ።)

የማርቆስ_ልጅ፦
ተመልሼ መጣሁ። ከጨው በቀር ምሳሌ የሚባለውን ሁሉ ከቅጹ አወጣሁት። ውክልናንም ሞክሬው ነበር፤ አንዷ እናት "ልጄ ቤቴን የሸጠብኝ በውክልና ነው" ብላ አዘጋችው። ትውስት እንዳልል ደሙ አይመለስም። ስጦታ እንዳልል ከሰጡ በኋላ መጠየቅ ነውር ይመስላቸዋል፣ እኔ ደግሞ እንዲጠይቁ ነው የምፈልገው። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሕግ አለው፣ አማርኛ እንዲህ ከባድ መሆኑን ዕድሜዬን ሙሉ አላወቅኩም ነበር።

አሁን እንዲህ ይላል፦

"ደምዎ አዲስ አበባ በሚገኝ ቤተ ሙከራ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የሚቀመጠው 20 ዓመት ነው። አሁን የምንሠራበት ስለ እግር እብጠት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ስለ ሌላ በሽታ ሊሠራበት ቢፈልግ፦ (ሀ) መጥታችሁ ጠይቁኝ። እኔ ከሌለሁ ልጄን፣ ስሙ ____ ። (ለ) በአካባቢያችን የመረጥናቸው ሰዎች ይወስኑ። (ሐ) አይሆንም፣ ሥራው ሲያልቅ አስወግዱት፣ ማስወገዳችሁንም ንገሩኝ። ሐሳብዎን ቢቀይሩ ደሙን እናስወግዳለን። በኮምፒውተር የተሠራበት ውጤት ግን ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ ከዚያ በኋላ የእርስዎን ለይተን ማውጣት አንችልም። የደሙ ውጤት ገንዘብ አያስገኝልዎትም። ጥያቄ ካለዎት በዚህ ስልክ ይደውሉ፦ ____ ።"

ከአንድ መስመር ተነስቶ ግማሽ ገጽ ሆነ። የዘረመል ባለሙያው "(ሀ)ን ሰው ሁሉ ከመረጠ እኮ አለቅን፣ 300 ቤት ማን ይዞራል" አለ። የቆዳ ሐኪሟ ግን ከእኔ ጋ ናት።

አሽዶድ_ነኝ፦
"ማስወገዳችሁንም ንገሩኝ" የሚለውን ሳነብ አባቴን አሰብኩ። አመሰግናለሁ የኔ እህት።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ጥሩ ነው ልጄ። "የመረጥናቸው ሰዎች" የሚለው ላይ ሴት እንዳትጎድል ጻፊበት፣ ያለዚያ ሦስት ሽማግሌ ይሰበሰብና ያልቃል። እኔ ራሴ ሽማግሌ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። የስልኩ ቁጥር የማን ነው? የሚነሳ ስልክ ነው?

የማርቆስ_ልጅ፦
የፕሮጀክቱ ነው። እኔው ነኝ የማነሳው።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
ፕሮጀክቱ ስንት ዓመት ነው?

የማርቆስ_ልጅ፦
ሁለት።

ሶዶ_ሰፈሬ፦
ደሙስ?

የማርቆስ_ልጅ፦
ሃያ።

ቆይ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ልጠይቅና እመለሳለሁ።